የወደቡ ስንዴ

ያን ዓመት ስንዴያችን የዳነው በእኔ እጅ ነበር ወይስ ንፋሱ ፊቱን ስላዞረ? ብዙ ዓመት ተምሬ፣ አሁን ደግሞ የእህል በሽታ የማስተምር ሰው ሆኜ፣ እስከ ዛሬ «በእኔ እጅ ነው» ብዬ ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም። ተማሪዎቼ ያለ ማስረጃ የጻፉትን ዐረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። ለራሴ ልለው የምመኘውን አንድ ዐረፍተ ነገርም በዚያው እስክሪብቶ ስሰርዘው ኖሬያለሁ።

ሰሞኑን ጥያቄውን የቀሰቀሰብኝ ነጩ ጋወኔ ነው። ከማሳ የመጣ የስንዴ ቅጠል ስመረምር ውዬ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤቴ ስገባ፣ የቀኝ እጅጌው ላይ የዛገ ቆርቆሮ የመሰለ ብናኝ ተለጥፎ አየሁ። በጣቴ ዳበስሁት። እንደ በርበሬ የላመ ነው፤ የራሱ ሽታ የለውም። ጣቴን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ግን የሐይቅ ጭቃ ሸተተኝ፤ እርጥብ ደንገል፣ የዓሣ ቅርፊት፣ ፀሐይ የመታው ጆንያ። ቁንዝላ ሸተተኝ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። እማ ነበር የምላት። ቤታችን ከቁንዝላ ወደብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ማሳችን ደግሞ በቤታችንና በወደቡ መካከል ነበር። ከሐይቁ በኩል የመጀመሪያው ማሳ የእኛ ነው፤ ከእኛ በላይ የጎረቤቶቻችን ማሳ እየተከታተለ እስከ ኮረብታው አናት ይወጣል። ረፋዱ ላይ ንፋሱ ከጣና ተነስቶ በዚያው ተራ ይወጣ ነበር። መጀመሪያ የእኛን ስንዴ ያጎነብሰዋል፣ ቀጥሎ የጎረቤትን፣ ከዚያ ከዚያኛው በላይ ያለውን። እማ ደጅ ቁማ «መጣ እንግዲህ!» ትለዋለች፣ ቀጠሮ እንዳለው እንግዳ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። እኩዮቼ ክፍል ሲቀይሩ እኔ ውኃ ስቀዳ፣ ሳርም፣ ጥጥ ስፈለቅቅ ዕድሜዬ ሄደ። በቤቱ ውስጥ ከእማና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረምና ማንም ማንንም ሊያሳርፍ አይችልም። ፊደል የቆጠርሁት ወደቡ ላይ፣ ከጆንያ ላይ ነው። እህል የሚጭኑ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፤ ነጭ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው በከዘራቸው ጫፍ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ነካ ያደርጋሉ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ስ።»

«ይቺስ?»

«ኳ።»

«የመጨረሻዋስ?»

«ር።»

«በዪ ግጠሚያቸው!»

«ስኳር!» ብዬ ስጮህ ጫኞቹ ሁሉ ይስቁ ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ በቁም ነገር፤ «ንባብ በስኳር የጀመረ ሰው ኑሮው አይመርም።»

ያ ወደብ በበጋ ሌላ ነገር ነበር የሚሆነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ የአካባቢው ስንዴ በአህያ ተጭኖ ይወርድና ጀልባ እስኪመጣ ዳር ላይ ይከመራል። አይጥ የቀደደው ጆንያ አለ፤ ሲጎተት የሚተረተር አለ። እህሉ ጭቃው ላይ ይንጠባጠባል። ሐይቁ ወደ ኋላ እየሸሸ ሲሄድ የለቀቀው መሬት እርጥበቱን እንደያዘ ይቆያል፤ የፈሰሰውም ስንዴ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ግንቦት ላይ ኮረብታው ሁሉ እንደ ደረቀ ቆዳ ሲሆን፣ ዓይን የሚያርፍበት አረንጓዴ ነገር ያ የወፍ ዘራሽ ስንዴ ብቻ ነበር። የሚነካው ሰው አልነበረም። ሣር ቢሆን ታጭዶ ላም ይበላው ነበር፤ ስንዴ ሆነና ተከበረ። «የበቀለ እህል እንዴት ይነቀላል?» ይባል ነበር። የሚያልፍ ሁሉ እየዞረለት ነበር የሚያልፈው። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ተስማምቶ ነበር።

በአንድ ግንቦት ልብስ ላጥብ ወረድሁና የእማን ነጭ ሻሽ አጥቤ እዚያው ስንዴ ላይ አሰጣሁት። ስመለስ ደርቋል። ሳነሣው ግን በአንድ ወገን በኩል የዛገ ቀለም ተቀብቶ ነበር።

«ምን ላይ ነው ያሰጣሽው አንቺ? ቆርቆሮ ላይ ነው?» አለች እማ።

«ስንዴ ላይ።»

«ስንዴ ነው እንዲህ ያዛገው? ውሸትሽን ደግሞ ስታሳምሪው!»

በእንዶድ አሸሁት፤ ደብዝዞ ቀረ። ሻሹ ከእንግዲህ ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያው የራሴ ሻሽ እሱ ነው፣ ከነዝገቱ።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ስንዴያችንን ዋግ መታው። ማልዶ ወደ ማሳ የገባ ሰው ቀሚሱ እስከ ጉልበቱ ቀልቶ ይወጣ ነበር። ዛላው ቆሟል፤ በእጅ ሲፈተግ ግን የሚወጣው ፍሬ የከሳ፣ የተጨማደደ፣ ለዘርም ለዱቄትም የማይሆን ነበር። መጀመሪያ የእኛ ሆነ። ከቀናት በኋላ የጎረቤታችን። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ልክ እንደ ንፋሱ። እማ አልጮኸችም። አንድ ዛላ ቀጠፈችና መዳፏ ላይ ፈትጋ እፍ አለችው፤ ከገለባው ጋር ፍሬውም በረረ። ባዶ መዳፏን አይታ ወደ ቤት ገባች።

እኔ እዚያው ማሳው መሐል ቁሜ የሻሼን ጫፍ በቅጠሉ ላይ አሸሁት። አዲሱን እድፍ ከአሮጌው አጠገብ አድርጌ አየሁት። አንድ ነበሩ።

የግብርና ባለሙያው በሞተር ሳይክሉ መጣ። ወጣት ነበር፤ ፊቱ ላይ ከልቡ ያዘነ ሰው ይታይ ነበር። «ዋጉን ንፋስ ነው የሚያመጣው» አለ ለተሰበሰቡት። «ከሩቅ ነው የሚነሣው፤ ማንም ምንም አላጠፋም።»

አፌ አላርፍ አለ። «ከሩቅ ከመጣ ለምን ከታች፣ ከእኛ ጀመረ?»

እማ በክርኗ ወጋችኝ። እሱ ግን ዞሮ አየኝ። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አልገባሁም።»

«ግቢና እሱን አጥኚ፤ መልሱን ስታገኚ ለእኔም ትነግሪኛለሽ» ብሎ ፈገግ አለ። ሳያሾፍብኝ የመለሰልኝ የመጀመሪያው የተማረ ሰው ነበር።

ያን ማታ እማ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ባሕር ዳር የአጎቴ ልጅ አለ፤ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ልኬሽ ትምህርት ቤት ልታስገባሽ ሚስቱ እሺ ብላለች። ግን በባዶ እጅ አትሄጂም፤ እኔም በባዶ ጎተራ ብቻዬን አልቀርም። የመጪው ዓመት ስንዴ ከዳነ ትሄጃለሽ። ካልዳነ፣ ልጄ፣ እዚሁ ነን።»

ከዚያ በኋላ የእኔ ዕድል በአንድ ማሳ ስንዴ ላይ ቁሞ ነበር። አሁን ሳስበው ማጥናት የጀመርሁት ያኔ ነው፤ ክፍልም መምህርም ሳይኖረኝ።

አንድ ነገር ከነከነኝ። ዋጉ በጋውን የት ይከርማል? ስንዴው ታጭዷል፤ ማሳው ጠፍ ነው። ገለባው ላይ ይሆናል ብዬ አውድማው ዳር የተከመረውን በሻሼ ጠረግሁ፤ አቧራ እንጂ ዝገት አልወጣም። ጎተራችን ታች የተረፈውን ዘር አሸሁበት፤ ንጹሕ ነው። የደረቀውን ማሳ የአጨዳ ቅሪቱን አንድ በአንድ እየነካሁ ዞርሁት፤ ምንም። ሚያዝያ ሲያልቅ ወደ ወደቡ ወረድሁ። አረንጓዴው እንደ ልማዱ ተንጣሎ፣ ዝንቡ ከላዩ ላይ እየጮኸ፣ ጠውልጎ በማያውቅ ወዝ ያብረቀርቃል። ሻሼን ጣል አደረግሁበት። ሳነሣው አዲስ ዝገት ተለጥፎበት ወጣ። እዚህ ነበር ለካ! ሁላችን እየዞርንለት የምናልፈው፣ እንደ በረከት የምናከብረው ስንዴ በጋውን ሙሉ እያኖረው፣ ክረምት ሲገባ ለንፋሱ ያስረክበው ነበር።

ዛሬ ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው። ዋግ ሕያው ቅጠል ካላገኘ አይኖርም፤ ከአንዱ አዝመራ ወደ ሌላው የሚያሻግረው አረንጓዴ ነገር ይፈልጋል። ያኔ ግን ይህን ለማን እነግራለሁ? «እህል እንንቀል» ብል ወደ ጠበል ነበር የምወሰደው። ደግሞም እርግጠኛ አልነበርሁም፤ ያላረጋገጥሁትን መናገር ያኔም አልወድም ነበር።

ስለዚህ ቦራን ይዤ ወረድሁ። ቦራ ላማችን ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ኩሩና ሆዳም። ጧት ጧት ከወደቡ ስንዴ ከነሥሩ እየነቀልሁ ፊቷ እጥልላት ጀመር። ነቅዬ ስሰጣት የምታየኝ ዓይን፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ የሚል ነበር። ቅጠሉ ስለታም ነው፤ ጭቃው ሥሩን አይለቅም። መዳፌ ተሰነጣጥቆ ጨው የነካው ያህል ያቃጥለኝ ነበር። ጀርባዬን ቀና ሳደርግ ሐይቁ እንደ ብር ሳህን ይብለጨለጫል፤ ከሩቅ አንድ ታንኳ እንደ ትንኝ ይታያል።

ነጋዴው ደረሱብኝ። «አንቺ! እህል ነው እኮ የምትነቅዪው!»

«ለላሚቱ ነው አባባ። ድርቁ ጎድቷት…»

ቦራን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ሆዷ ከበሮ አክሏል። «ድርቁ ነው እንዲህ ያወፈራት?» አሉ። ትንሽ አሰቡና ከዘራቸውን አነሡ። «ይሁን፣ እሷም ነፍስ ናት። ግን ነግሬሻለሁ፣ ስንዴ አስለምደሻታል፤ ነገ ዳቦ በሻይ ካላመጣችሁ ብላ እንዳትጣላችሁ!»

ከዚያ በኋላ ባለፉ ቁጥር «ለእመቤቲቱ ቁርስ ቀረበ?» ይሉኝ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ወደቡ እርቃኑን ቀርቶ ነበር። አንድ ሥር እንኳ እንዳይቀር በእንብርክኬ እየዳበስሁ ነው የጨረስሁት።

ስንዴው ተዘራ፣ በቀለ፣ ጉልበት ላይ ደረሰ። ነሐሴ ላይ እማ በበኩሏ ከማን እንደ ሰማች እንጃ፣ አመድ ሰብስባ መጣች። የምድጃውን ሁሉ በወንፊት ነፍታ፣ በቅርጫት ተሸክማ፣ ማሳውን እየዞረች በተነችው። ስትጨርስ ቅንድቧ ሁሉ ነጭቶ ነበር። «እንግዲህ ዋግ ይምጣና ይሞክረኝ!» አለች ወደ ሐይቁ ዞራ።

መስከረም አለፈ። ጥቅምት ገባ። ባለፈው ዓመት በዚያ ሰሞን ነበር የጀመረው። እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድ ጧት ፀሐይ ገና ስትፈነጥቅ ሻሼን ፈትቼ በሁለት እጄ ወጥሬ ያዝሁና ማሳው ውስጥ ገባሁ። ስንዴው ደረቴ ላይ ይደርሳል። ሻሹን በዛላው ላይ እየጎተትሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድሁ። ዓይኔን ወደ ታች አላደረግሁም፤ ፈርቼ ነበር። ከላይኛው ድንበር ስወጣ ገልጬ አየሁት።

ጤዛ ብቻ። ሻሹ ውኃ ጠግቦ ከብዷል፤ ነጭ ነው፤ የድሮው እድፍ ብቻ በአንድ ጥግ ደብዝዞ አለ። ጨመቅሁት፤ ጥርት ያለ ውኃ በጣቶቼ መሐል ወረደ። እዚያው ድንበሩ ላይ ብቻዬን ሣቅሁ። ደግሜ ገባሁ፣ ደግሜ ወጣሁ። ወደ ጎረቤት ማሳ ዘልዬ እሱንም ጎተትሁ፤ ጤዛ! ንፋሱ በሰዓቱ ከሐይቁ ተነሣ፤ ስንዴውን አጎነበሰው፣ ቀና አደረገው፣ ምንም ሳያራግፍበት ወደ ኮረብታው ወጣ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሸንፌያለሁ፤ ፈተና አልፌያለሁ፣ ሰዎች ፊት ቁሜ ተጨብጭቦልኛል። እንደዚያች ጧት ያለ ግን አላገኘሁም።

አጨዳው ደቦ ሆነ። የኮረብታው ሰው በሙሉ በየተራ አንዱ የሌላውን አጨደ፤ ነዶው ከባድ ነበር። አውድማው ላይ ምርቱ ሲነፋ ፍሬው ድብልብል፣ ወርቃማ፣ ሲወድቅ የሚሰማ ነበር። እማ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳበት አወጣቻቸውና እልልታዋን አቀለጠችው። ሴቶቹ ከበቧት። «ዋጉ ከአንቺ ማሳ ነበር የሚነሣው፤ ምን አድርገሽበት ነው የቀረው?»

«አመድ!» አለች እማ፣ ራሷን ቀና አድርጋ። «ሰው ዘሩን ሲጠይቅ እኔ ምድጃዬን ጠየቅሁ!»

በዚያ ቀን ፊቷን ብታዩት። ባለፈው ዓመት ባዶ መዳፍ ይዛ የገባች ሴት ናት። እኔ ነዶው ሥር ተቀምጬ፣ የተሰነጣጠቀ መዳፌን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ፈርቼ አይደለም፤ የእሷን ደስታ በምን አፌ ልቀማው?

የካቲት ላይ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር፣ ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ይዤ ጀልባ ላይ ወጣሁ። ነጋዴው ወደቡ ላይ ነበሩ፤ ቦራንም እማ ይዛት ወርዳለች። «ሂጂ» አሉኝ፤ «እመቤቲቱን እኛ እናጫውታታለን።» ባሕር ዳር ላይ ጉልበቴ ከማይገባበት ዴስክ፣ ከደረቴ በታች ከሆኑ ሕፃናት ጋር ተቀመጥሁ። መምህሯ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ማን ያነባል ስትል እጄን አወጣሁና አነበብሁት፤ በከዘራ የተማርሁት ፊደል አልከዳኝም። በዓመቱ ሁለት ክፍል አዘለሉኝ።

ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ከሄድሁ በኋላ በመጣው ግንቦት የወደቡን ስንዴ የነቀለው ሰው የለም። በጀልባ ለሚመላለስ ሰው ሁሉ «ስንዴው እንዴት ነው በሏት» እያልሁ ላክሁባት። መልሱ ሁሌ አንድ ነበር፤ «ደህና ነው። አርፈሽ ተማሪ።» ደስ አለኝ፤ ውስጤ ግን አንድ ነገር ተሰበረ። ማንም ሳይነቅል ስንዴው ከዳነ፣ ያን ዓመት የነቀልሁት እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ንፋሱ ነው። ምናልባትም አመዱ። በተከታዩ ክረምት ለዕረፍት ስመለስ ቦራ በረቷ ውስጥ አልነበረችም። «አርጅታ ነበር፣ ተሸጠች» አለችኝ እማ፣ ቡቃያ እያረመች፣ ቀና ሳትል። ለላም ያለቀስሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ያን ነገር እንዲሁ ይዤው ኖርሁ። እማ አርጅታ እኔ ዘንድ ከመጣች ወዲህም፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የአመዷን ታሪክ ስታወራ አጠገቧ ተቀምጬ ሰማሁ። ዛሬ ያን ጋወን ላጥበው ብላ ስታነሣው ግን እጅጌው ላይ ቆመች። ዓይኗ ደክሟል፤ ወደ መስኮቱ ወስዳ አየችው።

«ይህን ቀለም አውቀዋለሁ» አለች። «ይሄ ሰውዬ አሁንም አለ?»

«አለ እማ። ያን ዓመት በጋውን የት እንደሚከርም አግኝቼበት ነበር። ወደቡ ላይ። ስንዴውን ነቅዬ የጨረስሁት እኔ ነኝ።»

«ለቦራ ነው ብለሽ?»

«ለቦራ ነው ብዬ።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሣቀች ነበር። «እኔ ደግሞ ወተቷ እንዲያ የበዛው በአመዱ ነው ብዬ…!»

«ግን እርግጠኛ አይደለሁም» አልኋት ቶሎ ብዬ። «በማግሥቱ ዓመት እኔ ሳልኖር፣ ማንም ሳይነቅለው ስንዴው ደህና ነበር። ስለዚህ ከእኔ ላይሆን ይችላል።»

ሣቋን አቆመች። «ማነው ደህና ነበር ያለሽ?»

«አንቺ ነሻ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?» አለች። «ዋግ ጠርጎ ወሰደው። ከታች ነው የጀመረው፣ ከእኛ፣ እንደ በፊቱ። አመዱንም ከዚያኛው ዓመት አብልጬ በትኜ ነበር። ብነግርሽ ጥለሽ ትመጪ ነበር፤ አውቅሻለሁ። ቦራን ለምን የሸጥኋት መሰለሽ፤ አርጅታ? አራተኛ ጥጃዋን እንኳ አልወለደችም።»

ይህን ሁሉ ዓመት የጎደለኝ ማስረጃ በገዛ ቤቴ፣ ከጎኔ እየተኛ ይነሣ ነበር። በሁለት ዓመት ማስረጃ ብቻ መፍረድ እንደማይቻል፣ ንፋሱም በየዓመቱ አንድ እንዳልሆነ ልነግራት አፌን ከፈትሁ።

«ተይኝ በንፋስሽ!» አለች፣ ገና ሳልጀምር። እጄን ያዘችና መዳፌን ገልብጣ አየችው፤ እንደዚያ ጊዜ፣ ዛላ እንደ ፈተገችበት መዳፏ፣ እፍ አለችበት። ከዚያ ጋወኑን ከነዝገቱ ክንዷ ላይ ጥላ፣ በርጩማዋን ስባ ወደ አጥሩ ሄደች። ጎረቤታችን፣ በቅርቡ ከሌላ አገር ተዛውራ የመጣች የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ማዶ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«ስሚ አንቺ ልጅ! ስንዴያችንን ያዳነችው ይቺ የእኔዋ ናት!»

«የቱን ስንዴ እማማ?» አለች ጎረቤቲቱ ግራ ገብቷት።

«ቁጭ በዪ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ» አለች እማ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁሜ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ወደቡ ነበረበት፣ ሻሹ ነበረበት፣ ቦራም ነበረችበት፣ ከነነጭ ግንባሯ፣ ከነሆዷ። አመዱን ግን የትም አላነሣችውም።